ጊንኮን በግቢ ማሳደግ፦ የቱ ዝርያ? የት? እንዴት?

ጓሮ_አሳማሪ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለመኖሪያ ግቢ የሚሆን አንድ የጊንኮ ዛፍ ለመምረጥ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ክፍቱ ቦታ ከአጥር እስከ ቤቱ ግድግዳ 7 ሜትር ነው፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያገኘዋል። አፈሩ ላይ ላዩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ለም ነው፤ ከዚያ በታች ዋልካ ነው። ምርጫው ሁለት ነው፦ ከዘር የበቀለ የ2 ዓመት ችግኝ፣ ወይም ግራፍት የተደረገ (የተመረጠ ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጋጠመበት)፣ ስም ያለው ወንዴ። የሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ ነው። ልዩነቱ ለገንዘቡ ይበቃል? ዋልካውስ ያሳስባል ወይ?

ዛፍ_ቆጣሪ
ይበቃል፣ ያውም በደንብ። ምክንያቱ ጾታ ነው። የጊንኮ ወንዴና ሴቴ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ሴቴዋ የምትጥለው ዘር ትንሽ ቢጫ ፕሪም የመሰለ ሥጋማ ልባስ አለው። ልባሱ ቡቲሪክ አሲድ ስላለው ሲፈርጥ የከረመ ቅቤና ትውከት የተደባለቀበት ዓይነት ሽታ ይለቃል። በጫማ ተጣብቆ ቤት ይገባል፣ ምንጣፍ ላይ ይቀራል።

ከዘር የበቀለ ችግኝ ሴቴ የመሆኑ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ዛፉ ለዘር ሳይደርስ ጾታውን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ለዘር የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ ዛፉ ከጣሪያ በላይ ሆኗል፣ ጥላው ተለምዷል፣ መቁረጡም ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ያንን ቀን ለማስቀረት ነው።

ግን ስሙን ብቻ አይተህ አትግዛ፤ መጋጠሚያውን ፈልግ። ከአፈሩ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግንዱ በትንሹ ጎበጥ ይላል። ከመጋጠሚያው በላይና በታች ያለው ቅርፊት በቀለሙም በሸካራነቱም ይለያያል። በጣት ሲዳሰስ ጠርዙ ይታወቃል። ያ ከሌለ ችግኙ ወይ ከቁራጭ ሥር ያወጣ ነው፣ ወይ ከዘር የበቀለ ነው፤ ሻጩ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይንገርህ። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቡቃያ ደግሞ የታችኛው ተክል ነው፤ ጾታው አይታወቅም። ገና ለስላሳ ሳለ በጣት ቦጭቆ ማንሳት ነው።

ቅርንጫፍ_ለቅርንጫፍ
በዛፍ_ቆጣሪ ላይ የዝርያውን ነገር ልጨምር።

ለ7 ሜትር ቦታ የመጀመሪያ ምርጫዬ “ፕሪንስተን ሴንትሪ” ነው። ወንዴ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚመጣ። ሙሉ ዕድሜው ላይ ከ12 እስከ 18 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ከ4.5 እስከ 7 ሜትር ነው። መሃል ላይ ከተተከለ ለብዙ አሥርት ዓመታት ግድግዳም አጥርም አይነካም።

“ኦተም ጎልድ” በካሊፎርኒያ ሳራቶጋ የተመረጠ ወንዴ ነው፤ የቅጠሉ ወርቃማነት የሚመሰገንለት ዝርያ ነው። ሆኖም ስፋቱ 8 ወይም 9 ሜትር ይደርሳል። ለዚህ ግቢ ይበዛል፤ 12 ሜትር ክፍት ቦታ ላለው ሰው ግን ከእሱ የሚሻል አላውቅም።

“ፋስቲጂያታ” በሚል ስም የሚሸጥ ካጋጠመህ ጥያቄ አብዛ። ስሙ ቀጥ ብለው የሚያድጉ የተለያዩ ዛፎች የሚጠሩበት ነው፤ ጾታው መረጋገጡን ጠይቅ።

ትንሽ ቦታ ላላቸው “ማሪከን” እና “ትሮል” አሉ። ሁለቱም ድንክ ናቸው፤ ከርዝመታቸው ይልቅ ስፋታቸው ያይላል፤ በ10 ዓመት ውስጥ 1 ሜትር ቢሞሉ ነው። “ጄድ ባተርፍላይ” መካከለኛ ነው፣ 3 ወይም 4 ሜትር ይደርሳል፤ ቅጠሉ መሃሉ ላይ እስከ ግማሽ ስለሚሰነጠቅ የቢራቢሮ ክንፍ ይመስላል።

አዲስ_ተካይ
ጾታውን በቅጠሉ መለየት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ መሃሉ የተሰነጠቀው ወንዴ፣ ያልተሰነጠቀው ሴቴ። ዘሩም ላይ ሁለት ጠርዝ ያለው ወንዴ፣ ሦስት ጠርዝ ያለው ሴቴ ይባላል። እውነት ከሆነ ርካሹን ችግኝ መምረጥ አይሻልም?

ዛፍ_ቆጣሪ
ሁለቱም አይሠሩም፤ የቅጠሉ ነገር ለምን እንደማይሠራ ዛፉን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ጊንኮ ሁለት ዓይነት ቡቃያ አለው። አንዱ በዓመት የሚረዝመው ረጅም ቡቃያ ነው። ሌላው ቅርንጫፉ ላይ እንደ ኪንታሮት ጉብ ያለ አጭር ቡቃያ ነው፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ያድጋል፤ ዙሪያውን የቀለበት መሰል ጠባሳ ይደረደርበታል፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠሎች በእቅፍ ይወጣሉ። ረጅሙ ቡቃያ ላይ ያሉት ቅጠሎች በጥልቀት የተሰነጠቁ ናቸው፤ አጭሩ ላይ ያሉት እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ፣ ስንጥቃቸው ትንሽ ነው። ማለትም በአንድ ዛፍ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ “ወንዴም” “ሴቴም” ታገኛለህ። ወጣት ዛፍ ረጅም ቡቃያው ስለሚበዛ ሁሉም ወንዴ ይመስላል፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

እርግጠኛው ምልክት ከእነዚህ አጫጭር ቡቃያዎች ላይ፣ ቅጠል በሚወጣበት ሰሞን የሚታየው ነው። ወንዴው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተንጠለጠለ ዘለላ ያወጣል፤ ነካ ሲደረግ ቢጫ ብናኝ ያራግፋል። ሴቴዋ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ሁለት ጥቃቅን አረንጓዴ ጉልላት ታወጣለች፤ የክብሪት ራስ ያህሉ ናቸው።

ወንዴውም እንከን የለውም ማለት አይደለም። ብናኙ በነፋስ የሚሄድ ስለሆነ የብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ባይተክለው ጥሩ ነው።

አፈር_ፈታሽ
ወደ ዋልካው እንመለስ፤ ለእኔ ከዝርያው እኩል የሚመዝነው እሱ ነው። ጊንኮ የአፈር ዓይነት ብዙ አይመርጥም፤ ፒኤች (የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ) ከ5 እስከ 8 ድረስ ይስማማዋል። ድርቅ፣ የመኪና ጭስ፣ የመንገድ ዳር አቧራ ይችላል። የማይችለው ሥሩ ላይ የተኛ ውሃ ነው። አየር ያጣ ሥር ይታፈናል፤ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ ይገባበታል፤ ቅጠሉ እያነሰና እየገረጣ ይሄዳል። ሰው ይህን ድርቀት መስሎት ውሃ ይጨምርበታል፤ ዛፉም በዚያው ያልቃል።

ሳትገዛ በፊት ቦታውን ፈትሸው። ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍር፤ ዋልካው ውስጥ መግባቱን አረጋግጥ። ውሃ ሞልተህ እስኪሰርግ ጠብቅ። ከዚያ እንደገና ሙላና በእንጨት ላይ ምልክት አድርገህ በ1 ሰዓት ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ለካ። ቁጥሩን የሚሰጥህ ሁለተኛው ሙሌት ነው፤ የመጀመሪያው የደረቀውን አፈር ስለሚያረካ ያሳስታል። 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ተለመደው ትከል። ከ1 በታች ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ። በመካከል ከሆነ ጉብታ ላይ ይተከላል።

የአየሩም ነገር አይረሳ። ጊንኮ ቅጠሉን ጥሎ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ወቅት ይፈልጋል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ብርድ ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ በሆነ ቆላ ግን አያምርበትም።

ሥር_ፈቺ
ስለ አተካከሉ። እዚህ ላይ የሚደረግ ስህተት ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

መጀመሪያ ችግኙን ከመያዣው አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። እንደ ገመድ ዙሪያውን የተጠመጠመ ሥር ካለ በእጅ አፍታቱት፤ እምቢ ያለውን በስለታም መቀስ ቁረጡት። እንዳለ የተተከለ ጠምዛዛ ሥር ሲወፍር ግንዱን አንቆ ይይዛል። በጆንያና በሽቦ ተጠቅልሎ የመጣ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ ከቆመ በኋላ ሽቦውንና ጆንያውን ቢያንስ ከላይኛው ግማሽ ላይ ቆርጣችሁ አውጡ።

ቀጥሎ ግንዱ ወደ ሥር ሲሄድ ሰፋ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በችግኝ ጣቢያ አፈር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። አፈሩን ጠርጋችሁ አግኙት፤ ከተተከለ በኋላ ከመሬቱ ጋር እኩል ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታየት አለበት። መጋጠሚያው ምንጊዜም ከአፈር በላይ ይሁን።

የጉድጓዱ ስፋት የሥሩን ከነአፈሩ 2 ወይም 3 እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ልኩን ብቻ። ከልክ በላይ ተቆፍሮ ከተሞላ አፈሩ ሲረጋ ዛፉ ይሰምጣል። ዋልካ ላይ የጉድጓዱን ግድግዳ በአካፋ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት፤ በእርጥብ ዋልካ ላይ አካፋ ግድግዳውን እንደ ሸክላ ይለስነዋል፣ ሥር አልፎ አይወጣም። የወጣውን አፈር መልሳችሁ በውሃ አርጉት እንጂ በእግር አትደልድሉት። ከዚያ 40 ሊትር ያህል ውሃ። በመጨረሻ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ፣ በ1 ሜትር ዙሪያ፣ ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ።

ኮምፖስት_ወዳድ
ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ጉድጓዱን በኮምፖስት ካልሞላነው ዋልካ ውስጥ ያለ ዛፍ ምን ይበላል? ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ነው የሚሻለው።

አፈር_ፈታሽ
ወዳጄ፣ በዋልካ መሬት ይህ ነው ከሁሉ የሚጎዳው። በዋልካ መሃል በላላ አፈር የተሞላ ጉድጓድ እንደ ባልዲ ነው፤ ከዙሪያው ያለው ውሃ ወደዚያ ይሰበሰባል፣ መውጫ የለውም። ሥሩም ለስላሳውን ትቶ ወደ ጠጣሩ አይገባም፤ እዚያው ይዞራል። ኮምፖስቱም በጊዜ ሲበሰብስ ይጎድላል፣ ዛፉ ይወርዳል። ኮምፖስትህን ከላይ፣ ከጉዝጓዙ ሥር፣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አንጥፈው፤ ትሎቹ ወደ ታች ይወስዱታል።

ኮምፖስት_ወዳድ
ባልዲው ነገር አሳምኖኛል። ከላይ ይሁን።

አዲስ_ተካይ
ከተተከለ 3 ዓመት የሞላው ጊንኮ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልጨመረ ታሟል ማለት ነው? ማዳበሪያ ይደረግለት?

ሥር_ፈቺ
ቅጠሉ ጤናማ አረንጓዴ ከሆነ አልታመመም። ጊንኮ ከተተከለ በኋላ 2 ወይም 3 ዓመት ቁጭ የሚል ዛፍ ነው። በእነዚህ ዓመታት ረጅም ቡቃያ አያወጣም፤ ከአጫጭሮቹ ላይ የቅጠል እቅፍ ብቻ ያወጣል፤ ሥራው ከመሬት በታች ነው። ሥሩ ሲይዝ በዓመት 30 ሴንቲ ሜትር፣ በተመቸው ቦታ ከዚያም በላይ መሄድ ይጀምራል። ችግሩ በዚህ ዝምታ ወቅት ሰው ትዕግሥት አጥቶ የሚያደርገው ነው፦ ማዳበሪያ ይደፋል፣ በየቀኑ ያጠጣል፣ ነቅሎ ቦታ ይቀይራል። ነቅሎ መትከል ቆጠራውን ከአንድ ያስጀምረዋል።

የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሙቀት ወቅቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ፣ ቀስ ብሎ። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን ወይም እንጨት 10 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ እርጥበት ካለ ተዉት። በ1 ሜትር ዙሪያ ሣር አይኑርበት፤ ሣር ከወጣት ዛፍ ውሃ እየቀደመ ይጠጣል፣ የሣር ማጨጃው ማሽን ደግሞ ቅርፊቱን ይልጣል። በመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያ የለም። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ቅጠሉ ከገረጣና እድገቱ ካልተነሣ ብቻ፣ ቡቃያ ሊፈነዳ ሲል፣ ትንሽ ይሰጠዋል።

ቅርንጫፍ_ለቅርንጫፍ
መግረዝን በተመለከተ፣ ባይነካ ይመረጣል። አንድ ቀጥ ያለ መሪ ግንድ ይኑረው፤ የሚፎካከረው ሁለተኛ ካለ ቅጠል በሌለበት ወቅት፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል ከሥሩ ይቆረጥ። ጫፉን ፈጽሞ አትቁረጡ። ወጣት ጊንኮ ቅርንጫፉ ሳሳ ብሎ፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ዘርዘር ብሎ ነው የሚታየው፤ “ይሙላ” ብሎ ማሳጠር ቅርጹን ያጠፋዋል እንጂ አይሞላውም። ሙላቱ በዕድሜ ይመጣል።

ቅጠል_ለቃሚ
በሙቀቱ ወቅት የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ከውስጥ በኩል ግን አረንጓዴ ነው። ምን ዓይነት በሽታ ነው? መድኃኒትስ አለው?

አፈር_ፈታሽ
አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም። የማራገቢያው የውጭ ጠርዝ ከውሃው መንገድ የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ሥሩ የሚያቀርበው ከሚተነው ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። ውሃ ማነስ፣ የሙቀት ነፋስ፣ ከሲሚንቶ ወለል የሚመለስ ግለት፣ ወይም ጨው፤ የማዳበሪያ ጨው ጭምር። አፈሩ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። እርጥብ ሆኖ ጠርዙ ከደረቀ ግን ሥሩ ታፍኗል ማለት ሊሆን ስለሚችል ውሃ አቁሙ። መርጨት የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ጊንኮን የሚያጠቁ ነፍሳት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ይህ ዛፍ ሲበረታ ምን ያህል እንደሚችል ማወቅ ለፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከፍንዳታው ማዕከል 1,130 ሜትር ርቆ በሆሴንጂ ቤተ መቅደስ የነበረው ጊንኮ ተቃጥሎ እንደገና አቆጥቁጧል፤ ዛሬም ቆሟል። ጥንካሬው የሚመጣው ግን ከተደላደለ ሥር ነው።

ጥላ_ፈላጊ
ሴቴዋ አስቀድማ ግቢው ውስጥ ላለችብን ምን ትመክሩናላችሁ? መቁረጥ ያሳሳል።

ዛፍ_ቆጣሪ
አይቁረጧት። ዘሩ እንዳይይዝ የሚረጩ ኬሚካሎች አሉ፤ ነገር ግን ጥቃቅኖቹ ጉልላቶች በወጡበት አጭር ሰሞን ዛፉን እስከ ጫፉ ማዳረስ ይጠይቃሉ፤ በረጅም ዛፍ ላይ ውጤታቸው አንድ ዓመት ሠርቶ ሌላ ዓመት የሚከሽፍ ነው። የሚያዋጣው መረብ ነው፦ ዘሩ መውደቅ ሲጀምር ከዛፉ ሥር መረብ ወይም ሸራ ዘርግተው በየቀኑ ይሰብስቡ። ሽታው የሚብሰው ሲረገጥ ነው።

ሲሰበስቡ ጓንት ያድርጉ፤ እርጥበት የማያሳልፍ። ልባሱ ውስጥ ጊንኮሊክ አሲድ አለ፤ ቆዳ ላይ ሽፍታና ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። የማንጎ ልጣጭ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ።

አዲስ_ተካይ
ውስጡ ያለው ፍሬ ይበላል ይባላልና፤ እንዲህ ከሆነ ሴቴዋም ጥቅም አላት ማለት ነው?

ዛፍ_ቆጣሪ
በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ አብስለው በጥቂቱ ይበሉታል። ነገር ግን ፍሬው የቫይታሚን ቢ6ን ሥራ የሚያግድ መርዝ አለው፤ ማብሰል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ብዙ የበላ ሰው ያስታውከዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሕፃናት በጥቂት ፍሬ ሊጎዱ ይችላሉ። ልጅ ወይም ውሻ ባለበት ግቢ የወደቀ ዘር መሬት ላይ አይደር። የቅጠሉንም ሻይ ከግቢ ዛፍ ለቅሞ ማፍላት አልመክርም። ለመድኃኒትነት የሚሸጠው ጭማቂ ጊንኮሊክ አሲዱ ከ5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5 እጅ) በታች እንዲሆን የተጣራ ነው፤ ቤት ውስጥ ያንን ማድረግ አይቻልም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የተጣራውንም ቢሆን ያለ ሐኪም ምክር አይንካው።

ጥላ_ፈላጊ
ዘሩን ለማብቀልስ? ለሰፊ መሬት ጾታው ግድ የማይሰጠን ሰዎች አለን።

ቅርንጫፍ_ለቅርንጫፍ
ይበቅላል፤ ቅደም ተከተሉን ካወቁት። ብዙ ሰው ዘሩን ቀጥታ ፍሪጅ ከትቶ “አልበቀለም” ይላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በጊንኮ ብናኙ ከደረሰ በኋላ ፅንሱ የሚፀነሰው ከወራት በኋላ ነው፤ ጃፓናዊው ሂራሴ እ.ኤ.አ. በ1896 የሚዋኝ የወንዴ ሴል ያየውም በዚህ ዛፍ ነው። ስለዚህ ዘሩ መሬት ሲወድቅ ፅንሱ ገና ጥቃቅን ነው። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ብርድ ነው የሚፈልገው።

በጓንት ልባሱን አጥበው ያንሱ። ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ የሚንሳፈፈውን ይጣሉ፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። በእርጥብ አሸዋ ከረጢት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ወር በክፍል ሙቀት፣ ከዚያ ከ2 እስከ 3 ወር በፍሪጅ በ4 ዲግሪ ያቆዩት። አይድረቅ። ከዚያ በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ጋደም አድርገው ይዝሩት። መያዣው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ መጀመሪያ የሚወርደው ዋና ሥር ነውና። አይጥ እንዳይበላው ወንፊት ሽቦ ይክደኑበት።

ወንዴነቱ የታወቀ ዛፍ ያለው ሰው ደግሞ ከቁራጭ ያብዛ። ያልጠነከረ የዓመቱ ቡቃያ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፤ ታችኛው ጫፉ 0.8 በመቶ አይቢኤ (ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን) ባለው የሥር ማስወጫ ዱቄት ይነከር፤ በጭጋጋማ እርጥበት ውስጥ 7 ወይም 8 ሳምንት ይፈልጋል። ከጎን ቅርንጫፍ የተቆረጠ ዓመታት ወደ ጎን ማደግ ስለሚቀናው በእንጨት ተደግፎ መቃናት አለበት።

ጓሮ_አሳማሪ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈተናው ተሠራ፤ ሁለተኛው ሙሌት በ1 ሰዓት 1.5 ሴንቲ ሜትር ወረደ። “ፕሪንስተን ሴንትሪ” ተመርጧል፤ ሥሩ ከነአፈሩ 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ጉብታው ምን ያህል ይሁን? እንጨትስ ይደገፍለት?

አፈር_ፈታሽ
1.5 ከሆነ በጉብታ ይሄዳል። ጉድጓዱን 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆፍር፤ ማለትም ዋልካው ጋ ስትደርስ አቁም። የቀረው 15 ሴንቲ ሜትር ከመሬት በላይ ይቁም። ከዚያው ግቢ ላይኛውን ለም አፈር አምጥተህ ዙሪያውን እስከ 2 ሜትር ስፋት በዝግታ እያዘቀዘቅህ ሙላው። ዳገቱ አይቁም፤ ከቆመ ዝናብ ይሸረሽረዋል። ጉብታ ቶሎ ስለሚደርቅ ጉዝጓዙ እንዳይጎድል፣ የውሃ ፍተሻውም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁን።

ሥር_ፈቺ
እንጨቱን በተመለከተ፦ በእጅህ ወዝወዝ ስታደርገው ሥሩ አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ ብቻ ይደገፍ። ሁለት እንጨት በግራና በቀኝ፣ ከሥሩ አፈር ውጭ፤ ማሰሪያው ሰፊና ለስላሳ ጨርቅ፣ ከግንዱ ቁመት ሲሶው ላይ፣ ትንሽ ላላ ብሎ። ከዓመት በኋላ ይፈታ። ማሰሪያው መጋጠሚያው ላይ እንዳያርፍ፤ ቅርፊቱ እዚያ ላይ ቶሎ ይላጣል።